ሰራተኞቼ ሁሌ "ችግር የለም" ነው የሚሉኝ፣ ጦር ሜዳ የነበራችሁ እስቲ ስለ አመራር አውሩኝ

የቸርችሉ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የምሰራው ሊፍት ጥገና ነው፣ ቢሯችን ቸርችል ላይ ሆኖ ደንበኞቻችን ከለገሃር ጀምሮ እስከ ፒያሳ ያሉ ፎቆች ናቸው። ቴክኒሻን ነበርኩ፣ አሁን የቡድን መሪ አርገውኛል፣ ከስሬ ካሉት ውስጥ ደግሞ ስራውን ያስተማሩኝ ሰዎች አሉ፣ ጋሼ እያልኩ ነው ትዕዛዝ የምሰጠው፣ እንዴት እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ድርጅቱ የሊደርሺፕ ስልጠና ብሎ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰብስቦን ነበር፣ አሰልጣኙ ቀኑን ሙሉ ስለ አሜሪካ ኮማንዶዎች በፓወር ፖይንት ሲያሳየን ዋለ፣ ምሳው አሪፍ ነበር አልዋሽም። እኔ ግን እዛው ቁጭ ብዬ ሳስበው የነበረው፣ እኛ አገር እኮ ወታደር ያላወጣ ቤተሰብ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ ትግላችን ሃውልት ስር በየቀኑ ነው የማልፈው፣ ካራማራ፣ ኮሪያ፣ ሰሜኑ፣ እነዚህ ሰዎች ጥሩ አዛዥና መጥፎ አዛዥ ምን እንደሚያመጣ ኖረውበት ነው የሚያውቁት፣ ለምን እነሱን አንጠይቅም?

የኔ ችግር ይሄ ነው። መጥፎ ወሬ ማንም አይነግረኝም። "ሰርቪሱ እንዴት ነበር?" ስል "ሰላም ነው፣ ችግር የለም" ነው መልሱ። ከዛ ማታ ደንበኛው ይደውላል። ሰሞኑን አንድ ህንፃ ላይ የበሩ ሮለር ተበልቶ አልቆ በሩ አልዘጋ ብሎ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ተገትሮ አደረ፣ ቴክኒሻኑ ሰርቪስ ሲያደርግ አይቶታል፣ ፎርሙ ላይ ግን "ደህና" የሚለው ጋ ራይት አድርጎ ፈርሞ ነው የወጣው። ስጠይቀው ዝም። እዚህ ቤት ወታደር የነበራችሁ ወይ አባታችሁ የነበረ፣ እናንተ ጋ እንዲህ አይነቱ ነገር እንዴት ነበር የሚያዘው?

ስታዲየም ዙሪያ፦
ሃሃ እኔም ያን ስልጠና የወሰድኩ መሰለኝ፣ አሰልጣኙ ሁሉ ቦታ አንድ ነው መሰለኝ። እየተከታተልኩ ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ልጄ ጥያቄህን ልጄ ናት በስልኳ ያሳየችኝ፣ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች፣ የፊደል ግድፈት ካለ ከሷ ነው።

እኔ በደርግ ጊዜ ሰሜን ኤርትራ ነበርኩ፣ ናደው ዕዝ የሚባለው ጦር ውስጥ፣ ናቅፋ ፊት ለፊት ምሽግ ውስጥ የከረምኩ ሰው ነኝ። እዛ ተራራ ላይ ውሃ የለም፣ ከታች ነው በጀሪካን የሚወጣው፣ በበቅሎ፣ በቅሎ ከሌለ በሰው ጀርባ፣ ቀን ከተንቀሳቀስክ ትመታለህ ስለዚህ በሌሊት ነው። አንድ የሻምበል አዛዥ ነበረን ስሙን አልጠራም ቤተሰብ አለው፣ ጀሪካኑ ሲደርስ ራሱ አጠገቡ ቆሞ በኮዳ ክዳን ያስለካል፣ መጀመሪያ ለቁስለኛ፣ ቀጥሎ ጥበቃ ለሚወጣው፣ ከዛ ለሁሉም፣ እሱ መጨረሻ። አንድ ሌሊት ጀሪካኑ መንገድ ላይ ተበሳስቶ ጎድሎ መጣና እሱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ምንም አላለም፣ ኮቾሮውን ደረቁን እያላመጠ ዙሩን ቀጠለ። ወታደር ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ያላየ ይመስላል እንጂ አንዷም አታመልጠውም፣ ያ ሰው "ተነሱ" ሲል ወደ ኋላ የሚቀር አልነበረም።

ላንተ የሚጠቅምህ ግን ሌላው ነገሩ ነው። ማታ ማታ ምሽግ ለምሽግ ሲዞር "ሰላም ነው?" ብሎ ጠይቆን አያውቅም። "ምን ጎደለህ?" ነው የሚለው። ሰላም ነው ወይ ያልከው ሰው ሰላም ነው ይልሃል፣ አበሻ አይደል፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም እግዜር ይመስገን ነው የሚለው። ምን ጎደለህ ያልከው ግን ፈልጎም ቢሆን አንድ ነገር ይነግርሃል። መትረየሱ ትንሽ ተኩሶ ይነክሳል፣ እግሬ ቆስሏል፣ ባትሪው ደክሟል ይልሃል። እሱ በትንሽ ደብተር ይጽፋታል፣ በማግስቱ ያገኘውን ያመጣል፣ ያላገኘውን ደግሞ "አላገኘሁም" ብሎ ተመልሶ ይነግርሃል። ይቺ መመለሷን ልብ በል፣ ጠይቆ የሚጠፋ አለቃ ካልጠየቀው ይብሳል።

ከኛ ሻምበል በላይ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳሩ አለ፣ ከኮሚሳሩ ጎን የደህንነቱ ሰው አለ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ወደ በላይ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ አዛዡ "ጎሎኛል" ብሎ ሪፖርት ለማድረግ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያያል፣ ሽንፈት አወራ፣ ሞራል ገደለ ይባላላ። ወታደር አንሶት ሙሉ ነው የሚል ወረቀት የሚወጣው እንዲህ ነው። በየካቲት 1980 መንግስቱ አስመራ መጥተው የናደውን አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ አይኔን አስረሸኑት። ለኛ በሬዲዮ አልተነገረን፣ ከምሽግ ምሽግ በሹክሹክታ ነው የደረሰን፣ የሰማው ሁሉ ተቀምጦ ዝም። ከአንድ ወር ምናምን በኋላ መጋቢት 8 ሻዕቢያ ማጥቃት ጀመረ፣ በሶስት ቀን አካባቢ የናደው ዋና መቀመጫ አፋቤት ሄደች። በሱ ሞት ብቻ ነው የተሸነፍነው አልልም ብዙ ነገር ነበረው፣ ግን ከዛች የካቲት በኋላ ወደ ላይ እውነቱን ልናገር የሚል መኮንን ከየት ይመጣል?

እና አሁን እኔ አንተን ልጠይቅህ፣ ያ ሮለሩን ያየው ልጅ ቢነግርህ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማለት በሱ ላይ ምን ይደርስ ነበር? ይሄን መጀመሪያ መልስልኝ።

የአራት ኪሎ መምህር፦
ሃምሳ አለቃ እድሜ ይስጥዎት፣ ልጅዎትንም አመስግኑልን።

እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው እና የውሃውን ነገር ሲያነሱ የነገሌ ቦረናው ትዝ አለኝ፣ ተማሪዎቼ የ66ቱን አብዮት በነዳጅ ዋጋና በታክሲ አድማ ብቻ ነው የሚያውቁት። ከሱ በፊት ግን በጥር 1966 ነገሌ የሰፈረው ጦር ያምጻል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ይበላሻል፣ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፣ ወታደሩ ከሱ እንቅዳ ሲል አይቻልም ተባለ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤቱታ ጻፉ፣ አቤቱታውን የሚሰማ ጠፋ፣ በመጨረሻ መኮንኖቹን አሰሯቸው። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፣ ወታደሮቹ ምን አረጓቸው፣ አልደበደቧቸውም፣ አልገደሏቸውም፣ ያዟቸውና እኛ የምንበላውን ብላ የምንጠጣውን ጠጣ አሏቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ማስተዋል ያለባችሁ ፓምፕ መበላሸቱ ጥፋት አይደለም ይበላሻል፣ ጉድጓዱ ተከልክሎ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እዛው ያልቅ ነበር። በየካቲት ደብረ ዘይት አየር ሃይል፣ አስመራ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተሉ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግስት ወጡ። በአንድ ፓምፕ ነው መንግስት የወደቀው ብዬ ተማሪ አላሳስትም፣ ረሃቡ አለ መሬቱ አለ ተማሪው አለ፣ ግን ጠመንጃ የያዘው ክፍል ውስጥ እሳቱ የተጫረው እዛ ነው።

ለጠያቂው፣ እናንተ ቢሮ ውስጥ "የመኮንኖች ጉድጓድ" ምንድነው? አለቆች ብቻ የሚጠቀሙበት መኪና፣ አለቆች ብቻ የሚያገኙት የውሎ አበል ካለ ከሱ ጀምር።

የሻምበል ልጅ፦
ይቅርታ ግን እኔ አልስማማም። አባቴ ሻምበል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ ያሳደገንም እንደ ጦር ነው፣ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሪፖርት፣ እራት ላይ ዝም። እሱን እወደዋለሁ ግን "ችግር የለም" ማለት የተማርኩት ከሱ ቤት ነው፣ ሰሃን ብሰብር እንኳ "ችግር የለም አባባ" ነበር የምለው። አሁን ሁሉም ሰው ወደ ወታደር ሄደን አመራር እንማር ሲል ይገርመኛል፣ እዚህ አገር መስሪያ ቤቶች እኮ የጎደላቸው የወታደር ባህል አይደለም፣ ተርፏቸው ነው። አለቃ ሲገባ ብድግ የሚለው፣ ደብዳቤ ላይ አስር ማህተም የሚፈልገው፣ "ከላይ የመጣ ነው" የሚለው ሁሉ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

ደግሞ ጥሩ አዛዥ የምትሏቸው ምን ሆኑ? በግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ መንግስቱ ምስራቅ ጀርመን በሄዱበት መፈንቅለ መንግስት ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ መርዕድ ንጉሴና አምሃ ደስታ እዛው መከላከያ ሚኒስቴር ራሳቸውን አጠፉ፣ ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ፣ በአመቱ አስራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ በስንት ገንዘብ ያሰለጠነቻቸው ሰዎች። በግንቦት 1983 ያ ሁሉ ጦር ሲበተን እነሱ የሉም። አባቴ ይሄን ሲያወራ ድምጹ አይቀየርም ነበር፣ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነበር የሚናገረው።

ስለዚህ ከጦርነት ተማሩ ካላችሁኝ ምን እንደማይደረግ ተማሩ። የግድ አንድ ጥሩ ነገር ጥቀሺ ካላችሁኝ የመቀሌውን ነው የምጠቅሰው፣ ጥር 1888 እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ስንት ጀግና በፊት ለፊት እየሮጠ ካለቀ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ውሃውን ነው መያዝ አሉ፣ ምኒልክም ሰሙ፣ ጣሊያኖቹ በውሃ ጥም ምሽጉን ለቀው ወጡ። የሚገርመኝ የሳቸው ብልሃት አይደለም፣ ያን ሁሉ ራስና ደጃዝማች ከቦት ንጉሱ የሚስቱን ሃሳብ መስማቱ ነው። ዛሬ ስንት ስራ አስኪያጅ ይሰማል?

ስታዲየም ዙሪያ፦
ሚስት ስትሆንማ በግድህ ትሰማለህ 😂

የአራት ኪሎ መምህር፦
የሻምበል ልጅ፣ የመቀሌውን በደንብ አነሳሽው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ጣሊያኖቹ ሲወጡ መሳሪያቸውን ይዘው በሰላም እንዲሄዱ ነው የተፈቀደላቸው፣ ብዙ መኳንንት በዚህ አጉረምርመዋል። ማለቴ ጥሩ ውሳኔም ቢሆን ሁሉን አያስደስትም። ስለ ቢሮ ባህሉ ግን ሁሉንም በወታደሩ ላይ ባንጭነው፣ "ጌታዬ" ማለት ከጦሩ በፊትም ነበረ።

ካዛንቺስ ያደገ፦
ግምገማን ማንም አላነሳም? እኔ መንግስት መስሪያ ቤት ነው የሰራሁት ከ83 በኋላ፣ ታጋዮቹ ይዘውት የመጡት ነገር ነው። በረሃ እያሉ ከውጊያ በኋላ ተቀምጠው ማን ምን አበላሸ ይባባላሉ፣ ተራ ተዋጊው አዛዡን ፊት ለፊት "አንተ ዘግይተሃል" ይለዋል፣ ካወሩኝ ሰዎች እንደሰማሁት የሚሰራው ነገ ጠዋት አብረው ስለሚሞቱ ነው፣ አዛዡ ዛሬ ቂም ቢይዝ ነገ ጎኑ የሚተኛው ያው የሰደበው ልጅ ነው።

ያው ነገር ቢሮ ሲገባ ምን ሆነ መሰላችሁ። እኛ ጋ ግምገማ ሲባል ሰው ከሳምንት በፊት ነው ሆዱን የሚያመው። አዳራሽ ትሰበሰባለህ፣ አንድ ሰው ቀድሞ ተመርጧል፣ እጅ የሚያወጡትም ቀድመው ተነግሯቸዋል፣ ሰውየው ግለ ሂስ አድርግ ይባላል፣ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ይለምናል፣ ደሞዝ ዕድገት የደረሰው ከሆነ ይቀራል። ከዛ በኋላ ኮሪደር ላይ ማንም አጠገቡ አይቆምም ለአንድ ሁለት ሳምንት። አንዷ የሂሳብ ሰራተኛ በስብሰባው መሃል ተነስታ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች በዛው ቀረች፣ ጎበዝ ነበረች።

ስለዚህ ለጠያቂው የምለው፣ ከውጊያ በኋላ ተቀምጦ መነጋገር የሚባለውን ውሰድ፣ ግን ስለ ሊፍቱ ተነጋገሩ ስለ ሰውየው አይደለም፣ ደግሞ ደሞዝ የሚወስነው ሰው እዛ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። እሱ ከተቀመጠ አለቀ።

አወያይ፦
እስካሁን ደስ የሚል ውይይት ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ። የቅርቡን ጦርነት ማን ጀመረ ማን ጨረሰ የሚሉ ሁለት አስተያየቶች አጥፍቻለሁ፣ ለሱ ሌላ ቦታ አለ።

የአፍንጮ በር፦
ኮሪያን እንዳትዘሉት፣ አያቴ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበሩ። ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ ጃንሆይ ያባታቸውን ፈረስ ስም ነው ለጦሩ ያወጡለት። በ1943 ከጅቡቲ በመርከብ ሄደው ፑሳን ወረዱ፣ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጉት። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። እዚህ አፍንጮ በር መታሰቢያቸው አለ፣ ሄዳችሁ ስማቸውን አንብቡ፣ ሰፈሩ ውስጥ እየኖረ ገብቶ የማያውቅ ሞልቷል።

አያቴ ስለ ጀግንነት ብዙም አያወሩም፣ ደጋግመው የሚያወሩት ብርዱንና ጓደኛ ፍለጋውን ነው። ለቅኝት የወጣ ቡድን ሲመለስ ሰው ይቆጠራል፣ አንድ ከጎደለ የሞተም ቢሆን ተመልሰው ይሄዳሉ፣ በበረዶ ውስጥ፣ በተኩስ ውስጥ። እኔ ልጅ ሆኜ "የሞተ ሰው ለማምጣት ሌላ ሰው ይሞታል እንዴ ሞኝነት አይደለም?" ብያቸው ነበር፣ እሳቸው "ቆስለህ ብትወድቅ እንደሚመጡልህ ካላወቅህ ከምሽግ አትወጣም" ነው ያሉኝ። አሁን ሳስበው ያንተ ቴክኒሻን ያንን ነው ያጣው ወንድሜ፣ ቢነግርህ ማን ከጎኑ እንደሚቆም አያውቅም።

የቸርችሉ ልጅ፦
ኧረ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበኩም። ለሃምሳ አለቃ ጥያቄ ልመልስ፣ ዛሬ ቢሮ ገብቼ ነው አጣርቼ የመጣሁት።

የቦነሱ አሰራር እንዲህ ነው። ሰርቪስ ከተደረገ በኋላ በሰላሳ ቀን ውስጥ ሊፍቱ ከተበላሸ ከቴክኒሻኑ ቦነስ ይቆረጣል። እሺ ይሄስ ይገባኛል። ብልሽቱን ቀድሞ ሪፖርት ካደረገስ? ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሊፍቱ ይቆማል፣ ደንበኛው ይጮሃል፣ ቅሬታ ተብሎ ይመዘገባል፣ በቅሬታም ይቆረጣል። ማለት ቢናገርም ይቆረጣል ባይናገርም ይቆረጣል፣ ባይናገር ግን በሰላሳ ቀን ውስጥ ላይበላሽ ይችላል፣ እድሉን ይሞክራል። እኔም ቴክኒሻን ሆኜ እኮ ይሄ ነበር፣ ተላምጄው ነው መሰለኝ ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም። የሚቆርጠው ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ ፋይናንስ ነው፣ ከሲስተሙ ራሱ ነው የሚመጣው።

"ምን ጎደለህ"ን ዛሬ ሞከርኳት፣ ጋሼ ከምላቸው አንዱ ጋር ፒያሳ አንድ ፎቅ የማሽን ክፍል ውስጥ ቆመን። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዛ የብሬኩ ሽፋን እየሳሳ ነው አሉኝ፣ በባትሪ አብርተው አሳዩኝ፣ ከዛ የሌላ ህንፃ ነገሩኝ፣ ከዛ የሌላ። ወረቀት ስላልነበረኝ በእጄ ላይ ነው የጻፍኩት።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
በል እንግዲህ መጣህልኝ። ያ ልጅ ውሸታም አይደለም፣ ሂሳብ ያሰላ ሰው ነው። እኛም ጋ ጥይት ጎደለኝ ያለ በሽንፈት ይጠረጠራል፣ ጎደለኝ ያላለ ደግሞ ውጊያ እስኪመጣ ድረስ ሰላም ያድራል፣ ስለዚህ ሁሉም ሙሉ ነኝ ይላል።

አሁን ስራህ ከስርህ ካሉት ጋር አይደለም ከበላይህ ጋር ነው። እነሱን እሹሩሩ ብትላቸው፣ ሻይ ብትጋብዛቸው፣ ያ ቦነስ እስካለ ድረስ ለአንድ ወር ይነግሩህና ይተዉታል። ብሬክ ያልከውን ግን ነገ ጠዋት አስቁመው፣ ስብሰባ አትጠብቅ፣ ሰው የሚሳፈርበት ነው።

የሻምበል ልጅ፦
እዚህ ላይ ከሃምሳ አለቃ ጋር ነኝ። ግን ለብቻህ እንዳትገባ፣ አዲስ የተሾመ ሰው ለብቻው ቅሬታ ይዞ ሲገባ "ገና ከመሾሙ" ነው የሚባለው። ከሌሎቹ የቡድን መሪዎች ሁለቱን ይዘህ ግባ፣ እነሱም ያው ችግር እንዳለባቸው አትጠራጠር። ደግሞ በደንበኛው በኩል አውራው፣ ስራ አስኪያጅ ስለ ቴክኒሻን ሞራል ብትነግረው ያዛጋል፣ ውል ሊቋረጥ ነው ስትለው ይነቃል።

ካዛንቺስ ያደገ፦
የመለዋወጫ ትዕዛዝ የተጻፈበትንና ዕቃው የደረሰበትን ቀን ጎን ለጎን በኤክሴል አድርገህ ያዝ። መሃሉ ላይ ያለው ጊዜ የግዢ ክፍል ነው ወይ የጉምሩክ እንጂ የቴክኒሻን አይደለም፣ ያኔ ቦነሱ ከማን መቆረጥ እንዳለበት ራሳቸው ያዩታል። ወረቀት የያዘ ሰው ላይ ድምጽ ከፍ አይደረግም፣ በተለይ ቀን ያለበት ወረቀት።

የቸርችሉ ልጅ፦
ብሬኩ ያለበት ሊፍት ቆሟል፣ ደንበኛው እየጮኸ ነው፣ ቅሬታውን በኔ ስም አስመዘገብኩት። ስብሰባው ሃሙስ ነው፣ አንዱን የቡድን መሪ አግኝቼዋለሁ እሺ ብሏል፣ ሌላኛው ፈራ። ቀኖቹን ከግዢ ክፍል ጠይቄ ደብዳቤ አምጣ ተብያለሁ፣ ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ደግሞ ያው ስራ አስኪያጁ ነው።

ካዛንቺስ ያደገ፦
ከግዢ አትጠይቅ፣ ስቶር ኪፐሩ ጋ ሂድ። ዕቃ ሲገባ የሚፈርምበት መዝገብ አለው፣ ቀኑ እዛ አለ።